አምስት ጎል የገባበት እሁድ

ልብስ ሰፊዋ የአባቷን ኮት ልትተረትር ምላጭ ስታነሳ ደብዳቤ አገኛለሁ ብላ አላሰበችም ነበር።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሄዳለች። አክስቷ ካለችበት ትልቅ ከተማ የልብስ ፋብሪካ ሥራ አግኝታለች። የስፌት መኪናዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በር ሥር ቆሟል፤ መጋረጃው ወርዷል፤ ልብሳቸውን ሊወስዱ የመጡ ደንበኞችም «እውነት ልትሄጂ ነው?» እያሉ ሆዷን ሲያባቡት ውለዋል። የቀረው ኮቱ ብቻ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከተሰቀለበት ልታወርደው እጇ እምቢ ብሏት ከርማለች። ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው አንጀቷ አልቆረጠም፤ ጥላው እንዳትሄድም እንደዚያው። ፈትታ፣ አጥብባ፣ ለራሷ ልታደርገው ቆረጠች።

ገበሩን ከብብቱ ጀምራ ስትተረትረው ከውስጠኛው ኪስ የታሸገ ፖስታ ወጣ። ጽሕፈቱን ስታየው ክው አለች። የሐኪሙ ነው። የዚህን ሰው ጽሑፍ መድኃኒት ቤቱ እንኳ በግምት ነው የሚያነበው፤ ያን ቀን ግን ተጠንቅቆ፣ እንደ ተማሪ አስተካክሎ፣ «ለተረኛው ሐኪም» ብሎ ጽፎበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው፤ አለበለዚያ አንድ ወረቀት አንዲትን ሴት ወለል ላይ ቁጭ የሚያደርጋት ለምን እንደሆነ አይገባም።

አባቷ የከተማው ክለብ የሜዳ ሠራተኛ ነበሩ። ሳር ያጭዳሉ፣ መረብ ያስራሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ፤ ከዚህ የተነሳ ከተማው ሁሉ «ኖራው» ነበር የሚላቸው። ሐኪሙ ደግሞ የዚያው ክለብ በረኛ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምላሱን አውጥቶ የሚያሳየው ሕዝብ እሁድ ሲሆን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይሰድበዋል። እሱም አይቀየምም። ሰኞ ጠዋት የተሳዳቢዎቹን ጉሮሮ በባትሪ እያየ፣ «ትናንት ስትጮህ ነው የቆሰለው፣ ይበልህ!» ይላቸዋል።

የቡድኑን ማሊያ የምትሰፋው እሷ ናት። የበረኛውን ጓንት የምትጠግነውም እሷው። ያ ጓንት በወር አራት ጊዜ ይቀደድ ነበር። ሐኪሙ አምጥቶ ከጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጥና፣ መሄድ ሲገባው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የክር ዓይነት ሁሉ ሲቆጥር ይቆማል። ትከሻውን ስትለካው ትንፋሹን ይይዛል፤ እሷም ሜትሩን ሁለት ጊዜ ታነበዋለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ መጀመሪያ የሚያቀረቅረው እሱ ነው። አባቷ ከጓሮ ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ሳል የለባቸውም።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ፣ «እሁድ ከጨዋታው በኋላ አባትሽን የማናግራቸው ነገር አለኝ። አንቺም ብትኖሪ…» አለና ጓንቱን ሳይወስድ ወጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

እሁድ መጣ። ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው አባቷ የላላ መረብ ሊያስሩ መሰላል ላይ ወጡ። መሰላሉ ከዳቸው። በግራ ጎናቸው ከጎሉ ብረት ጋር ተላትመው ወደቁ። ወዲያው ተነስተው፣ «ምንም አልሆንኩም፣ ብረቱን እዩልኝ!» ብለው ሰውን አሳቁ። ሁለት እርምጃ ሄዱና ፊታቸው እንደሚያሰምሩት ኖራ ነጣ። «ዶክተር!» ብላ ጮኸች። ሐኪሙ በበረኛ ልብሱ እየሮጠ መጣ። መጣና ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

አልነካቸውም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ የራሱን ክሊኒክ ነርስ ጠራ፤ ነርሷ ግፊታቸውን ለካች፤ እሱ ከተቀያሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ወረቀት ጻፈ፣ አሸገ፣ አምቡላንስ አስመጣ። ክሊኒኩ ከጎሉ ጀርባ ነው፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። እሱ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ወደሚያስኬደው ሆስፒታል ላካቸው። «አይዞዎት» አላቸው። እጃቸውን እንኳ አልጨበጠም። አምቡላንሱ ሲንቀሳቀስ በኋላ መስኮት ዞር ብላ ስታየው ጓንቱን እያጠለቀ ወደ ጎሉ ይሄዳል።

አባቷ መንገዱን አልጨረሱም። ኮታቸውን አልብሳቸው ነበር፤ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው፣ «የበረኛው ወረቀት እዚህ ነው። አንቺ ትጥይዋለሽ» አሏት። የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነው። ሆስፒታሉ የተቀበለው አስከሬን ስለነበር ወረቀት የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም በዚያ ሐዘን መሃል ትዝ አላላትም።

ትዝ ያላት ሌላ ነው። የወደደችው ሰው ለአባቷ እጁን ማቆሸሽ ተጸይፎ፣ እሳቸው ሲሞቱ እሱ ኳስ ሲጫወት መዋሉ ነው። በቀብሩ ቀን ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ፊት ነሳችው። ሊያስረዳት ቢመጣ በር ልትዘጋበት ተዘጋጅታ ጠበቀች። አልመጣም። ባለመምጣቱ ደግሞ ይበልጥ ጠላችው።

አሁን ፖስታውን በምላጩ ቀደደችው።

«ውድ ባልደረባዬ፤ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ከመሰላል ወድቀው ግራ ጎናቸውን ተመትተዋል። ግፊታቸውንና የልብ ምታቸውን ነርሷ ለክታለች፤ ለጊዜው ደህና ነው። እኔ ግን አልመረመርኳቸውም፤ ስለዚህ በእኔ ግምት አትመራ፣ እንደ አዲስ እያቸው። ያልነካኋቸው ቤተሰቤ ስለሆኑ ነው። ልጃቸውን ማግባት እፈልጋለሁ። ለእሷ ገና አልነገርኳትም፤ ዛሬ ከጨዋታው በኋላ ልነግራት ነበር። እባክህ ወንድሜ፣ አባቴን ነው የላክሁልህ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በሦስተኛው ፊደሎቹ አልታይ አሏት።

*

የሐኪሙ እናት ከሜዳው ወዲህ፣ ከክሊኒኩ ትይዩ ባለው ትልቅ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያበጠ ጉልበታቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ። የልጃቸው ጨዋታ አንድም ቀን አምልጧቸው አያውቅም፤ ዳኛ በመስደብ ከወጣቶቹ አያንሱም። ልብስ ሰፊዋ በዚያ በረንዳ በኩል ብዙ ጊዜ ልብስ አድርሳለች። ተቀምጣ ግን አታውቅም።

«እማማ፣ ይህን ያውቁ ነበር?» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

አሮጊቷ መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡ። ሲጨርሱ ወንበሩን በእጃቸው ሳቡላት።

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«ቤተሰቤ ስለሆኑ አልነካኋቸውም ይላል። ይሄ ምን ማለት ነው? ቤተሰብ አይደል እንዴ የሚነካው? ሰው ለገዛ አባቱ ያልሆነ እጅ ለማን ሊሆን ነው?»

«የዚህ ቤት ሰዎች እንደ ሰው አይደሉም» አሉ እናት። «እኔም ሳገባ አልነገሩኝም፤ ገብቼ ነው ያየሁት። አያቱን ፎቶ ላይ አይተሻቸዋል? ድሬሰር ነበሩ፣ የድሮ የጤና ረዳት። ክሊኒኩን በሁለት ክፍል የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ስትወልድ ደም አልቆም አላት። በአገሩ ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ አልነበረም፤ ገቡ። ከዚያ በፊት ስንቷን ሴት አትርፈዋል! የሚስታቸውን ደም ሲያዩ ግን እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያውቁትን ሁሉ ረሱ። እጃቸው ላይ ሞተች።»

«ወይኔ…»

«ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር አልተነጋገሩም ይባላል። በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ከክሊኒኩ ጀርባ ድንጋይ ይለቅማሉ። አባትሽ ኖራ ያሰምሩበት የነበረው ሜዳ እንዲያ ነው የወጣው። በኋላ ልጃቸው፣ የኔ ባል ማለት ነው፣ ሐኪም ሆኖ ሲመረቅ እንኳን ደስ ያለህ ከማለታቸው በፊት አስማሉት። ‹የምትወደውን ሰው በእጅህ አትንካ፣ ወደ ሌላ ላከው። ከላክኸውም በኋላ አትከተል፣ የሌላውን እጅ ታስረብሻለህ። ሜዳ ውጣ› ብለው።»

«ሜዳ?»

«ሜዳ! ይሄን ልጅ ስወልድ ከዚያ ክፍል ውስጥ እየጮህኩ በመስኮት የማየው ምን መሰለሽ? ባሌ በቁምጣ ይሮጣል! አርባ ዙር ዞረ ብለው ቆጥረውለታል። አዋላጇ ወንድ ነው ብላ ስትጠራው ሳር ላይ ተዘርሮ መናገር አቅቶታል። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። ‹እኔ ሳምጥ አንተ ስፖርት ትሠራለህ?› ብዬ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ልጄ፣ ያን እሁድ አምስት ጎል ነው የገባበት። ሕዝቡ ተሳለቀበት። ሁለተኛው ሲገባ አሞታል ብዬ ነበር። ሦስተኛው ሲገባ፣ ኳሷን እንደማያያት ገባኝ። መንገዱን ነበር የሚያየው፣ አምቡላንሱ የሄደበትን። ‹ይሄ ልጅ የኖራውን ልጅ ወዷታል› አልኩ ለራሴ። አልዋሽሽም፣ በፊት ብሰማ ደስ አይለኝም ነበር፤ የሐኪም ልጅ ነበር የምመኝለት። ያን ቀን ግን ‹አምላኬ፣ ሰውዬውን አትርፍለት› ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

«ተይ ብሎ ለመነኛ! ‹ምክንያት ብደረድርላት አባቷ አይመለሱላትም፤ በእኔ መናደድ ካቀለላት ትናደድብኝ› አለኝ። እኔ እናት ነኝ፤ ልጄ በየቀኑ በመስኮት ሱቅሽን ሲያይ እያየሁ ዝም ማለት ቀላል መስሎሻል?»

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ስምንት ወር ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቶላት፣ ትንፋሿ እስከ ታች ወረደ። አልናቃትም። አባቷንም አልናቀም። ወዷት ነበር፤ እንዲያውም አባቴ ብሎ ጽፎላቸው ነበር። አሮጊቷን አቅፋ ስማ ከበረንዳው ወረደች።

*

ወደ ክሊኒኩ የሚያቋርጠው መንገድ በሜዳው ነው። ሳሩ አድጓል፤ መስመሩን የሚያሰምር ሰው ስላልተተካ የቱ ጋ ውጪ፣ የቱ ጋ ውስጥ እንደሆነ አይለይም። እሷ ግን ያን ሁሉ አላየችም። ምን እንደምትለው እያሰበች ነበር። «አልሄድም» ትለዋለች። ከዚያ እሱ እንደ ልማዱ ያቀረቅራል። ከዚያ… ከዚያ ያለውን ስታስብ ፊቷ ጋለ።

የመጨረሻው በሽተኛ ወጥቶ ሐኪሙ እጁን ይታጠብ ነበር። ክፍሉ ያው ነው፤ ሚዛኑ፣ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳው፣ አባቱ በሩጫ ያሸነፉበት ዋንጫ፣ አሁን የምላስ መጫኛ እንጨት ተሰክቶበታል። ሐኪሙ ከስቷል። ከዚያ እሁድ ወዲህ ጎል ውስጥ ቆሞ እንደማያውቅ ሰምታለች። ሲያያት የቧንቧውን ውኃ መዝጋት ረሳ።

«ደብዳቤውን አነበብኩት» አለችው።

«የቱን?»

ዘረጋችለት። ጽሕፈቱን ለየውና ከራሱ ወንበር አልፎ የበሽተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ውኃውን እሷ ዘጋችው።

«ከኮቱ ውስጥ ነው ያገኘሁት። እናትህንም አናገርኳቸው፤ ሁሉንም ነገሩኝ።»

«እሷ ምን ነገር ይዛ ታውቃለች!»

«ስምንት ወር!» አለች። «ስምንት ወር በዚህ በር ሳልፍ ፊቴን እያዞርኩ!»

«ማዞርሽ ልክ ነበር።»

«ልክ አልነበረም! የኖራ ሠራተኛ ብሎ ተጸይፎን ነው ብዬ እኮ ነው።»

«እኔ አንቺን?» ብድግ አለ። «ያን ጓንት በገዛ እጄ በመቀስ እየቀደድኩ ሳመላልስልሽ የነበርኩ ሰውዬ አንቺን ልጸየፍ?»

«አውቅ ነበር» አለች፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «መቀስ የቆረጠውና ኳስ የቀደደው ለልብስ ሰፊ አንድ መሰለህ? አባቴም ያውቅ ነበር። ‹ያ ልጅ ዛሬም ጓንቱን አረደው› ይለኝ ነበር።»

እሱም ሳቀ። በዚያች ደቂቃ ሁለቱም ያ ዓርብ ላይ ነበሩ፤ እሁዱ ገና አልመጣም። አንድ እርምጃ ቀረባት። «አልሄድም» የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሷል። ይህን ጊዜ አፏን ብትዘጋ ኖሮ ይህን ታሪክ በሌላ መንገድ በጨረስነው። ግን ሰው ደስ ሲለው እርግጠኛ መሆን ያምረዋል፤ አንዲት ትንሽ ነገር ቀረቻት።

«ብቻ አንድ ነገር ንገረኝ፣ ልቤ እንዲያርፍ። ብታየውም ኖሮ አባቴ አይድንም ነበር፣ አይደል?»

የቀረባትን እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«አይደል?» አለች ደግማ፣ ቀስ ብላ።

«ግፊታቸው ደህና ነበር» አለ። «ጊዜ ያለን መሰለኝ። ጣፊያ ሲቆስል መጀመሪያ ያታልላል፤ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚደማው። እጅ ያሳረፈበት ሰው ግን ያውቀዋል።»

«ሆስፒታሉ ሩቅ ስለነበር ነው እንጂ…»

«ሆስፒታል አያስፈልጋቸውም ነበር።» ወለሉን እያየ ነው የሚናገረው። «ባለፈው ዓመት ከጭነት መኪና ላይ የወደቀውን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ? እሱም እንደዚሁ ነበር። እዚሁ፣ ከዚህ በር ወዲያ፣ እኔው ነኝ ሆዱን የከፈትኩት። ዛሬም ጭነት ያወርዳል።»

«እሱን ነካኸው።»

«አላውቀውማ።»

«አባቴን ባታውቀው ኖሮስ? ከመንገድ የመጣ ሰው ቢሆን? የማንም አባት ቢሆን?»

ቀና ብሎ አያት። ይህ ሰው ሁልጊዜ የሚያቀረቅር ነበር፤ አሁን ግን ዓይኑን አልሸሸገም።

«ይድኑ ነበር» አላት።

ከውጭ የሆነ ሰው ስሙን ሲጠራ፣ የሆነ በር ሲዘጋ ተሰማ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ስለዚህ ባትወደን ኖሮ…» ብላ ጀመረች፤ መጨረስ አቃታት።

እሱ ጨረሰላት። «ባልወድሽ ኖሮ አባትሽ ዛሬ በሕይወት ነበሩ። ይህን ነው ልነግርሽ ያልቻልኩት። እጄ ቢንቀጠቀጥስ ብዬ ፈራሁ። አያቴ ፈሩ፣ አባቴ ፈራ፣ እኔም ፈራሁ። መንቀጥቀጡን እንኳ አልሞከርኩትም። ይቅር በይኝ ልልሽ ስምንት ወር አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ለዚህ የሚሆን ይቅርታ የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ልትጮህበት ፈለገች። ጩኸቱ አልመጣላትም። ቀረብ ብላ እጆቹን አነሳቻቸው፤ ትልልቅ፣ የበረኛ እጆች፣ ገና ያልደረቁ። ፊቷን አሳረፈችባቸው። አልተንቀጠቀጡም። ይህ ከሁሉም በላይ ጎዳት።

«ነገ ትሄጃለሽ?» አላት።

«እሄዳለሁ።»

«ብቆይ ብለሽ አታስቢም?»

«ልቆይ ነበር የመጣሁት» አለችው። «አሁን ግን በየቀኑ እነዚህን እጆች እያየሁ እንዴት እኖራለሁ? ስትነካኝ እሱን አስባለሁ። ስትወደኝ እሱን አስባለሁ። ብታመምም አትነካኝም፤ ለሌላ ትልከኛለህ። እኔ ምን ቀረኝ?»

እጆቹን ቀስ ብላ መለሰችለት፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ዞር ብትል እንደማትሄድ ስላወቀች አልዞረችም።

ሜዳውን መልሳ ስታቋርጥ እግሯ የረገጠውን አታውቅም ነበር። ሊዋሻት ይችል ነበር። አንዲት ቃል፣ «አይድኑም ነበር» ብሎ፣ ቢጥልላት በቂዋ ነበር፤ ታምነው ነበር፣ ታገባው ነበር፣ እስክታረጅም ባልጠረጠረች ነበር። እንዲዋሻት ስትለምነው እንደነበር አሁን ገባት። እሱም ልመናዋን ሰምቶ፣ የሚያጣውን እያወቀ፣ እውነቱን ነገራት። የወደደችውም እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነበር።

ቤቷ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትናንት እንደዚህ ስትቀመጥ ቢያንስ የምትጠላው ሰው ነበራት። ስምንት ወር ሙሉ ማልዳ ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሥራዋን የሠራችው በዚያ ጥላቻ ኃይል ነው። አሁን ያም የለም። አባቷ የሉም፣ እሱ የለም፣ የምትጠላውም ሰው የለም፤ እና እስከ ነገ ጠዋት ድረስ እንዴት እንደምትቆይ አታውቅም ነበር።